ዘውድ፣ ሪፐብሊክና ዴሞክራሲ፤ ከወናጎ ሲታዩ

ስለ መንግሥት ዓይነት ሲነገር ዘውዳዊ አገዛዝ፣ ሪፐብሊክና ዴሞክራሲ በአንድ ረድፍ የቆሙ ሦስት ነገሮች ተደርገው ይቈጠራሉ። እኛ ግን ይህ አከፋፈል ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ያደባልቃል እንላለን። አንደኛው ጥያቄ ርእሰ ብሔሩ ሥልጣኑን በዘር ይወርሳል ወይስ በሌላ መንገድ ያገኛል የሚለው ነው፤ ዘውድና ሪፐብሊክ የሚለዩት በዚህ ነው። ሁለተኛው ግን ባለሥልጣኑ ለሚያስተዳድረው ሕዝብ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም የሚለው ነው፤ ዴሞክራሲ የሚታወቀውም በዚህ ነው። ስዊድንና እንግሊዝ ዘውድ ይዘው ሕዝብ በመረጠው ፓርላማ ይተዳደራሉ። ንጉሥ ያልነበራት የሂትለር ጀርመን ግን ከብዙ ዘውዳዊ አገሮች የከፋ ግፍ ሠርታለች።

ይህን ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ወናጎ የምትገኝበት የጌዴኦ ምድር በቂ ምስክር ነው። ጌዴኦ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ከመግባቱ በፊት የሚመራው በባሌ ሥርዓት ነበር፤ ስሙ ከባሌ ክፍለ ሀገር ጋር መምታታት የለበትም። በዚህ ሥርዓት ወንዶች በትውልድና በዕድሜ ደረጃ ይመደባሉ፤ አባ ገዳውም ስምንት ዓመት መርቶ ለተረኛው ያስረክባል። በየመንደሩ ሶንጎ በሚባለው የሸንጎ ስፍራ ሃይቻ የሚባሉት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሙግት ይሰማሉ፤ ያስታርቃሉ። ሴቶች ግን ከሥልጣኑ ተካፋይ ስላልነበሩ ፍጹም ዴሞክራሲ ነው ብለን አናሞግሰውም። ቢሆንም መሪው የሚወርድበትን ጊዜ ሲሾም ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ አገሩ በማእከላዊው ዘውድ ሥር ሲሆን ገበሬው ለነፍጠኛና ለባላባት ገባር ሆነ። ሶንጎው ባይጠፋም በመሬቱ ጉዳይ ላይ የሚያዝዘው ሌላ ሆነ። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባሎች እንዲመርጥ ፈቀደ። ነገር ግን ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ መወሰኛ ምክር ቤቱንና ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾመውም ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። መሬት የሌለው ጭሰኛ ድምፅ ቢሰጥም ራሱ ሊመረጥ የሚችልበት መንገድ እጅግ የጠበበ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች የባለመሬቶችን ጥያቄ በመቃወም በሚችሌ ላይ ሲነሡ፣ አቤቱታቸውን የሚያደርስላቸው የታመነ መንገድ እንዳልነበረ አሳይተዋል።

እንግዲህ ዘውዱ ሲወድቅ ችግሩ ተፈታን? በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ይህ ለጌዴኦ ገበሬ ታላቅ ለውጥ መሆኑን መካድ አይገባም። ዳሩ ግን ደርግ በምርጫ አልመጣም፤ በ1980 ዓ.ም. የታወጀው ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክም የአንድ ፓርቲ መንግሥት ነበር። ሪፐብሊክና ዴሞክራሲ የሚሉት ሁለቱ ቃላት በስሙ ውስጥ ተጽፈው ሳለ፣ ገበሬው ባለሥልጣኑን የሚያወርድበት መንገድ አልነበረውም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ባለሥልጣን ለጥፋቱ ተጠያቂ እንዲሆን፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው እንዲያነሣ ይደነግጋል። ይህ ሐሳብ ለወናጎ ሽማግሌ እንግዳ አይደለም፤ በባሌ ሥርዓት ሥልጣን አደራ እንጂ ርስት አለመሆኑን ያውቃልና። ስለዚህ አንድን መንግሥት ስንመዝን ስሙን ትተን፣ ገበሬው ማንን በምን መንገድ ሊጠይቅ ይችላል ብለን እንጀምር። የድንጋጌው ፍሬም የሚታየው በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በወረዳው ምክር ቤት ነው።

የትምህርት ጓደኞቻችን በዕረፍት ጊዜያቸው ወደየአገራቸው ሲሄዱ፣ በየሶንጎውና በየሸንጎው የሚነገረውን ከሽማግሌዎች አፍ ቢመዘግቡ፣ ለዚህ ጥናት ከእኛ የተሻለ መሠረት ያገኛሉ ብለን እናምናለን።