ሥልጣን ተቋዳሽ መንግሥት፦ ጥያቄው ለማን ይቅረብ?

ግላስጎው ውስጥ በአንድ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን እናቶች አሉ እንበል። የሁለቱም ቤት ግድግዳ በእርጥበት ሻግቷል፤ የሁለቱም ልጅ ሲያስል ያድራል። አንደኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝታ ቤቱን ከቤቶች ማኅበር ተከራይታለች። የሌላኛዋ የጥገኝነት ጥያቄ ገና አልተወሰነም፤ ያረፈችበትን ቤት የሚያቀርበው የብሪታንያ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የተዋዋለው ድርጅት ነው። ሻጋታው አንድ ዓይነት ነው፤ በፓርላማ የሚጠየቅበት መንግሥት ግን ይለያያል። የመጀመሪያዋ ቤት ነገር ኤዲንብራ ላለው የስኮትላንድ መንግሥት፣ የሁለተኛዋ ደግሞ ለንደን ላለው መንግሥት ይቀርባል። ልጆቹ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ወይም ትምህርት ቤት ሲገቡ ግን ሁለቱም ተመልሰው የኤዲንብራ ጉዳይ ይሆናሉ።

ይህን አሠራር እንግሊዝኛው «ዲቮሉሽን» ይለዋል። አማርኛችን እስካሁን አንድ ቁርጥ ያለ ስም አልሰጠውም። «ያልተማከለ አስተዳደር» የሚለው በብዛት ይሠራበታል፤ ግን ሰፊ ነው፣ ወረዳንም ቀበሌንም ያቅፋል። «ውክልና» እንዳንል፣ ተወካይ የሚሠራው በወካዩ ስም ነው፤ የስኮትላንድ መንግሥት ግን የሚሠራው በራሱ ስም ነው፣ የሚጠየቀውም በራሱ ፓርላማ ፊት ነው። ቃሉን እንዳለ ገልብጦ «ሥልጣን ማውረድ» ማለት ደግሞ የባሰ ነው፤ ሰሚው ማን ከሥልጣን ወረደ ብሎ ይጠይቃል።

እኔ «ሥልጣን ማቋደስ» የሚለውን አቀርባለሁ። የሚያቋድስ ሰው ከያዘው ላይ ቆርሶ ይሰጣል፤ መሶቡ ግን ከእርሱ ዘንድ ነው። ተቋዳሹም የደረሰውን በራሱ እጅ ይዟል፤ ስለ እርሱ ሌላ ሰው አይጠየቅለትም። ስለዚህ የኤዲንብራው «ሥልጣን ተቋዳሽ መንግሥት»፣ ለእርሱ የተሰጠው «የተቋደሰ ጉዳይ»፣ ለንደን ያስቀረችው ደግሞ «በማዕከል የቀረ ጉዳይ» ይባል። ስኮትላንዳዊ ቢሰማኝ «ቸርነት አስመሰልከው፤ እኛ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1997 በሕዝበ ውሳኔ 74.3 በመቶ ሆነን የወሰንነው ነው» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። ሕጉ የተጻፈበትን መንገድ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ቃል ግን አላገኘሁም።

«ክልላዊ መንግሥት» ለምን አልበቃንም? የኢትዮጵያ ክልሎች ሥልጣናቸውን ያገኙት ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ የፌዴራሉ ምክር ቤት በተራ አዋጅ ሊነጥቃቸው አይችልም። የስኮትላንድ ፓርላማ ግን የቆመው የለንደኑ ፓርላማ፣ ዌስትሚንስተር፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ሕግ ነው። ያው ሕግ የለንደኑ ፓርላማ ለስኮትላንድ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑ እንዳልተነካ በአንቀጽ 28 ይናገራል። በአገራችን የመሬት ቋንቋ ብንመስለው፣ የክልል ሥልጣን ወደ ርስት ይቀርባል፣ የስኮትላንድ ደግሞ ወደ ጉልት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሕግ ፓርላማው ያለ ሕዝበ ውሳኔ እንደማይፈርስ ስለደነገገ፣ ጉልቱ ዛሬ ጠበቅ ያለ ጉልት ሆኗል።

ድልድሉ የተጻፈበት መንገድ ግን ከእኛው ጋር ይመሳሰላል። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ለፌዴራሉ በግልጽ ያልተሰጠው ለክልሎች እንደሚሆን ይላል። የስኮትላንዱም ሕግ በማዕከል የቀሩትን ብቻ ይዘረዝራል፦ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ የመገበያያ ገንዘብ፣ ኢሚግሬሽን እና ሌሎችም። በዝርዝሩ ያልገባ ሁሉ የኤዲንብራ ነው። ጤና፣ ትምህርት፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ፣ ቤት፣ አብዛኛው የአውቶቡስ ነገር በዚህ በኩል ያድራል።

የቃሉ ጥቅም የሚገለጠው ጥያቄ ላይ ነው። ስኮትላንድ 129 የፓርላማ አባላት አሏት። የመንግሥቱ መሪ፣ ቀዳሚ ሚኒስትሩ፣ ፓርላማው በሚሰበሰብባቸው ሳምንታት ሐሙስ ሐሙስ ቆሞ በቃል ይጠየቃል። ድምፁ የሚሰማው ይኼኛው ነው፤ እኔ ግን ልቤ የሚያደላው ለጽሑፍ ጥያቄው ነው። እያንዳንዱ «የስኮትላንድን መንግሥት ለመጠየቅ» በሚል አንድ ዓይነት መክፈቻ ይጀምራል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በተለመደው ጊዜ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ይጠበቅበታል፣ ጥያቄውም መልሱም ለሕዝብ ይታተማሉ። ጭብጨባ የለበትም፤ ሚኒስትሩ የጻፈው ግን ከዓመታት በኋላም ቁጥሩን ጠርቶ ማውጣት ይቻላል። ከፓርላማ ውጭ ያለ ሰውም ቢሆን በመረጃ ነፃነት ሕጉ መሥሪያ ቤቶቹን መጠየቅ ይችላል፤ የዚህ ገደብ 20 የሥራ ቀናት ነው።

አንድ በር ግን አለ፦ ጥያቄው የስኮትላንድ ሚኒስትሮች ኃላፊነት ባለባቸው ጉዳዮች ላይ መሆን አለበት። «የጥገኝነት ውሳኔ ለምን ዘገየ?» ተብሎ ኤዲንብራ ቢቀርብ አያልፍም። ዌስትሚንስተርም በበኩሉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1999 ባሳለፈው ውሳኔ ለተቋዳሾቹ ስለተሰጡ ጉዳዮች የለንደን ሚኒስትሮችን መጠየቅን ገድቧል። የኤዲንብራን ሆስፒታል ወረፋ ለንደን ላይ ለጠየቀ አባል ሚኒስትሩ መልስ የለውም። በሁለቱ መካከል ለሚወድቀው ነገር አባላቱ ድልድይ የምትሆን አነጋገር አላቸው፦ «ስለዚህ ጉዳይ ከብሪታንያ መንግሥት ጋር ምን እንደተነጋገረ፣ የስኮትላንድን መንግሥት ለመጠየቅ»። ውሳኔው የእርሱ ባይሆን እንኳ መነጋገሩ የእርሱ ነውና፣ ያልፋል። ስለ ሁለተኛዋ እናት ቤት ኤዲንብራ ላይ መጠየቅ የሚቻለው በዚህች በኩል ነው።

ዌልስም ሰሜን አየርላንድም ተቋዳሾች ናቸው፤ ዌልስ የገባችው በሕዝበ ውሳኔ በ50.3 በመቶ፣ ለጥቂት ነው። የሰሜን አየርላንዱ ግን ልብ ይሰብራል። ሥልጣን የሚጋሩት ወገኖች በተጣሉ ቁጥር መንግሥቱ ይቆማል፦ ከ2017 እስከ 2020፣ ደግሞም ከ2022 እስከ 2024 እ.ኤ.አ.። ሆስፒታሉ ይሠራል፣ ወረፋው ይረዝማል፣ መሥሪያ ቤቱን ሲቪል ሠራተኞች ይይዙታል፤ በምክር ቤት ቆሞ መልስ የሚሰጥ ሚኒስትር ግን የለም።

ወደ ግላስጎው ሕንፃ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ሕግ ምክንያት የመኖሪያ ፈቃድ ያላት እናት ዜግነት ሳትወስድ ለስኮትላንድ ፓርላማ ትመርጣለች፤ ለዌስትሚንስተር ግን አትመርጥም። ጉዳይዋ ያልተወሰነላት ለሁለቱም አትመርጥም። ለአካባቢያቸው ተመራጭ ደብዳቤ ጽፎ «ይህን ጠይቅልን» ለማለት ግን የምርጫ ካርድ አያስፈልግም። የመጀመሪያዋ ደብዳቤ ስለ ቤቶች ማኅበሩ ጥገና ይሁን፤ የሁለተኛዋ አንዱ ቅጂ ለንደን ላለው እንደራሴ ይሂድ፣ ሌላው ቅጂ ኤዲንብራ ገብቶ «ምን ተነጋገራችሁ?» ይበል።