ባዳው ጥርስ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገሬ ሰው። ልብ እያዘነ ጥርስ ይስቃል ለማለት ነው። ሰሞኑን አንዱ መንጋጋዬ ተቦርቡሮ ሐኪም ዘንድ ተራ ስጠብቅ፣ ይኼ አባባል በቁሙ የደረሰባቸው ሰው ትዝ አሉኝ።

የአንድ ዶላር ኖት ካገኛችሁ አስተውላችሁ እዩት። ጆርጅ ዋሽንግተን ከንፈራቸውን ገጥመዋል፤ አፋቸው አካባቢም አበጥ ብሏል። ምስሉ ጊልበርት ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1796 ከሣለው የተወሰደ ነው። የተቆጡ እንዳይመስላችሁ፤ አፋቸው ውስጥ ያለው ዕቃ ነው። በ1789 ለፕሬዚዳንትነት ሲምሉ የቀረቻቸው የራሳቸው ጥርስ አንዲት ብቻ ነበረች። ሐኪማቸው ጆን ግሪንውድ ሰው ሠራሹን ጥርስ ሲያበጅላቸው ለእሷ ማሾለኪያ ቀዳዳ ተወላት። እሷም በ1796 ተነቀለች።

የእንጨት ጥርስ ነበራቸው የሚባለው ተረት ነው። በየጊዜው የተሠሩላቸው ጥርሶች ከጉማሬ ጥርስ፣ ከእርሳስ፣ ከወርቅ ሽቦና ከሰው ጥርስ ጭምር ነበሩ። የየትኛው ሰው? በርስታቸው በማውንት ቨርነን የሂሳብ መዝገብ ላይ በ1784 የሰፈረ አንድ መስመር አለ፦ ለጥርስ ሐኪሙ ለሌ ማዬር ሂሳብ፣ ለ9 ጥርሶች፣ ለጥቁሮች 6 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ ተከፍሏል ይላል። የሰዎቹ ስም የለም። ገንዘቡስ ይሁን፤ ግን ባሪያ ሆኖ «ጥርሴን አልሸጥም» ማለት ይቻል ኖሯል እንዴ?

በ1815 ደግሞ ዋተርሉ ላይ ከወደቁት ወታደሮች አፍ ጥርስ እየተነቀለ ተሸጠ። «የዋተርሉ ጥርስ» የሚለው ስምም ለረጅም ጊዜ ቀረ።

ይህን ንግድ ያዳከሙት የሸክላ ጥርስና ከ1850ዎቹ ጀምሮ የመጣው ርካሽ የጎማ መያዣ ናቸው። ከሁሉ የበለጠ ግን ሙሌት ነው። ወርቅ ለባለጸጋ ነበር፤ ብርና ሜርኩሪ የተዋሐደበት ሙሌት ግን ርካሽ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1840ዎቹ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱን «አልጠቀምበትም» ብላችሁ ፈርሙ እስከማለት ደረሰ። በ1856 የፈረሰው ማኅበሩ ነው፤ ሙሌቱ ቀጠለ። ተራው ሰውም የገዛ ጥርሱን ይዞ የመቆየት ዕድል አገኘ።

ተራዬ ደረሰና ሐኪሟ ዘረዘረችልኝ። ቀዳዳው ጥልቅ ካልሆነ ይሞላል። ነርቭ ከነካ ሥሩ ይጸዳና ቆብ ይደረግለታል። ከተነቀለ ደግሞ ወይ ድልድይ ይሠራል፣ ወይ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ብሎን ይተከላል። ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል።

እኔ አስሞላሁ። ከኔ ቀጥሎ የገባው ጎልማሳ፣ እጁ ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት፣ ዋጋውን ጠይቆ ትንሽ ዝም አለና «በቃ ንቀሉልኝ» ሲል ሰማሁት።

ዛሬ የድሃን ጥርስ የሚገዛ የለም። መነቀሉ ግን አልቀረም።