ለመስክ የሚከፍለው ማን ነው? የጤና ተመራማሪዎች ስኮላርሽፕ ታሪክና የእኛ ድርሻ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥር 1901 ዋልተር ማየርስ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ሐኪም ብራዚል፣ ፓራ ከተማ ውስጥ በቢጫ ወባ ሞተ። በሽታውን በቦታው እንዲያጠና የላከው የሊቨርፑል የሐሩር ሕክምና ትምህርት ቤት ነበር። ከሞቱ በኋላ በስሙ የምርምር ስኮላርሽፕ ተቋቋመ። ይህን ስኮላርሽፕ ካገኙት አንዱ ጆሴፍ ኤቨረት ዱተን ይባላል። ዱተን በ1901 ጋምቢያ ውስጥ የእንቅልፍ በሽታን የሚያመጣውን ተውሳክ ከሰው ደም ለይቶ ያወቀ ሰው ነው። ከዚያ ወደ ኮንጎ ተሻገረ። በ1905 በመዥገር የሚተላለፈውን የሚያገረሽ ትኩሳት ሲያጠና ያው ትኩሳት እሱኑ ገደለው። ገና 30 ዓመቱ ነበር።

በመስክ በሞተ ሰው ስም የተሰየመ ስኮላርሽፕ፣ ተቀባዩም በመስክ ሞተ። የእነዚህን ወጣቶች ድፍረት የሚክድ የለም። ነገር ግን ታሪኩን ስናነብ ብዙ ጊዜ የምንዘልለው አንድ ጥያቄ አለ፦ ገንዘቡን የሰጠው ማን ነው? ምን ፈልጎስ ሰጠ?

የሊቨርፑሉ ትምህርት ቤት በ1898 ሲመሠረት ዋናው ገንዘብ አዋጪ አልፍሬድ ጆንስ የተባለ የመርከብ ባለሀብት ነበር። መርከቦቹ ከምዕራብ አፍሪካ ጋር ይነግዱ ነበር። ሠራተኞቹና ወኪሎቹ በወባና በቢጫ ወባ ያልቁበት ነበር። በቀጣዩ ዓመት የለንደኑ ትምህርት ቤት ሲከፈትም ከጀርባው የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ጆሴፍ ቻምበርሌን ነበሩ። ስለዚህ ለመስክ የሚላከው ወጣት ይዞት የሚሄደው ጥያቄ አስቀድሞ የተወሰነ ነበር፦ «አውሮፓዊው በሐሩር አገር ሳይሞት እንዴት ይሥራ?» የጋምቢያው ገበሬ ደሙን ሰጠ። ጥያቄ የመጠየቅ ዕድል ግን አልተሰጠውም።

ሁለተኛው ምዕራፍ አሜሪካ ውስጥ ተጀመረ። የሮክፌለር ፋውንዴሽን በ1916 ለጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ማቋቋሚያ ገንዘብ ሰጠ፤ ትምህርት ቤቱ በ1918 ሥራ ጀመረ። አዲሱ ነገር ግን ሕንፃው አልነበረም። ፋውንዴሽኑ የራሱን ሰው ወደ ሌላ አገር ከመላክ አልፎ የሌላ አገር ሐኪሞችን አምጥቶ አስተምሮ ወደ አገራቸው መመለስ ጀመረ። ተመላሹም አገሩ ሲገባ የሚጠብቀው ሥራ እንዲኖር ይፈለግ ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ ብራዚላዊው ጄራልዶ ደ ፓውላ ሶውዛ ነው። ተምሮ ሳኦ ፓውሎ ተመለሰ፤ የግዛቱን የጤና አገልግሎት መራ፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ ጤና ጣቢያዎችን ማስፋፋት ጀመረ። በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር በሳን ፍራንሲስኮ ሲረቀቅ፣ ከቻይናው ልዑክ ከሴሚንግ ዜ ጋር ሆኖ ዓለም አቀፍ የጤና ድርጅት እንዲቋቋም ሐሳብ ያቀረበው ይኸው ሰው ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የምንለው እንግዲህ በከፊል የአንድ ስኮላርሽፕ ፍሬ ነው ማለት ይቻላል።

ሮክፌለርም ቢሆን የራሱ ምርጫ ነበረው። ገንዘቡ በብዛት የሚፈስሰው መንጠቆ ትልን፣ ቢጫ ወባንና ወባን በመሳሰሉ፣ አንድ በአንድ በዘመቻ ሊመቱ በሚችሉ በሽታዎች ላይ ነበር። ድህነቱ፣ መሬቱና ደመወዙ ግን አጀንዳ አልሆኑም። ቢሆንም «ሄዶ ጥናት» በነበረበት ዘመን «ተምሮ መመለስ» የሚለው ሐሳብ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደምቢያ ውስጥ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ጨረሰ። በመላ አገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም የውጭ ዜጎች ነበሩ። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በዚህ ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ እርዳታ ተባበሩበት። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን አንድ ላይ ያሠለጥን ነበር። ከሁሉ በላይ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። የመስክ ሥራው የትምህርቱ አካል እንጂ ተማሪው በራሱ ኪስ የሚወጣው ዕዳ አልነበረም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ ያ በሮክፌለር ገንዘብ የተቋቋመው የጆንስ ሆፕኪንስ ትምህርት ቤት ያፈራው አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ አድዋ ውስጥ የቢልሃርዝያን ስርጭት ያጠና ነበር። ዶ/ር አክሊሉ ለማ ይባላሉ። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በብዛት ሞተው አዩ። ሕያው ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰብስበው አንዷን ሴት ከእንዶዱ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

አስቡት፤ እንዶድን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ማን አለ? እናቶቻችን ለዘመናት ጋቢና ነጠላ አንጽተውበታል። ከውጭ የመጣ ተመራማሪ ያንን አረፋ ቢያይ ሳሙና ነው ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። አክሊሉ ግን የወንዙን ሴቶች ቋንቋና ልማድም፣ የቤተ ሙከራውንም ዘዴ ያውቁ ነበር። ሁለቱን ያገናኘው በቦታው መገኘታቸው ነው።

ዶ/ር አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሠረቱ። አድዋ ላይ እንዶድ ለዓመታት ተሞክሮ በበሽታው የተያዘው ሰው ድርሻ ከ63 በመቶ ገደማ ወደ 34 በመቶ ገደማ ወረደ። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን የዓለም አቀፍ ድርጅቶች በር አልተከፈተም። የደህንነት ምርመራው በእነሱ ደረጃ በተመሰከረለት ቤተ ሙከራ እንዲሠራ ተጠየቀ፤ አገር ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው መሠረተ ቢስ አይደለም፤ እንዶድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓሣም ይገድላል፤ መመርመር አለበት። ነገር ግን መርማሪም ከፋይም ሌላ ሲሆን የጊዜው ቁልፍም በሌላ እጅ ነው። ዶ/ር አክሊሉ ራሳቸው የአፍሪካውያን ግኝት በቀላሉ እንደማይታመን በአደባባይ ተናግረዋል። «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የተቀበሉት በ1989 ነው። ከአድዋው ወንዝ 25 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ የቅርብ ጊዜው ነው። የአሜሪካው ፎጋርቲ ማዕከል በ2003 እና 2004 አካባቢ የጀመረው የመስክ ስኮላርሽፕ አንድ አሜሪካዊ የድኅረ ምረቃ ተማሪን ከአስተናጋጁ አገር ተማሪ ጋር ያጣምር ነበር፤ ሁለቱም አንድ ዓመት አብረው ይሠራሉ። ከዱተን ዘመን ስናየው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። እኛም ዘንድ በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመስክ ኢፒዲሚዮሎጂ ማስተርስ ተጀመረ። ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ክፍል ውስጥ ሳይሆን ወረርሽኝ በተነሣበት ወረዳ ነው። የአሜሪካው የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል ከጀማሪዎቹ ደጋፊዎች አንዱ ነበር።

ከዚያ 2025 መጣ። በጥር የአሜሪካ የውጭ እርዳታ እንዲቆም ታዘዘ፤ ሐምሌ 1 ላይ ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ። በዋሽንግተን በአንድ ፊርማ የመጣ በዋሽንግተን በአንድ ፊርማ ሄደ። አሜሪካን መውቀስ ቀላል ነው። ገንዘቡ የራሷ ነው፤ ለሰጠችው ምስጋና ይገባታል። የሚያስቆጨው እኛ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከጎኑ የራሳችንን አለማስቀመጣችን ነው።

ሥራዬ ሆኖ ከሕዝብ ጤና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጋር ስነጋገር ደጋግሜ የምሰማው አንድ ነገር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚመረጠው በበሽታው ክብደት ሳይሆን የትራንስፖርት ብር እስከሚያደርስበት ድረስ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ጥናት አቅራቢያ ያለ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ያልቃል። የአርብቶ አደሩ መንደር፣ ድንበር ላይ ያለው የወርቅ ቁፋሮ ሠፈር፣ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ሳይጠየቅ ይቀራል። እነዚያ ቦታዎች የሚጠኑት ከውጭ ስኮላርሽፕ ይዞ የመጣ ተማሪ ሲገኝ ነው። ያን ጊዜ የእኛው ልጅ በቀን አበል መረጃ ሰብሳቢ ይሆናል። መንገዱን ያሳያል፤ ያስተረጉማል፤ ደም ይቀዳል። ጽሑፉ ሲታተም ስሙ ከተጠቀሰ በምስጋናው አንቀጽ ውስጥ ነው።

የውጭ ተማሪ አይምጣ የሚል ካለ ተሳስቷል። በሽታ ድንበር አያውቅም፤ ዕውቀትም እንዲሁ። ነገር ግን ያለፉት 120 ዓመታት የሚያስተምሩን ግልጽ ነው፦ ለመስኩ የሚከፍል ጥያቄውን ይመርጣል። ፓውላ ሶውዛ ፍሬ ያፈራው የሚመለስበት ሥራ ስለነበረው ነው። የጎንደር ተማሪ ገጠር የወጣው ኮሌጁ ስላወጣው ነው።

ስለዚህ ከጤና ሚኒስቴርም ከትምህርት ሚኒስቴርም የሚጠበቀው ከአቅም በላይ አይደለም። ለማስተርስና ለዶክትሬት ተማሪዎች በውድድር የሚሰጥ፣ የአውቶቡስ፣ የአልጋና የቤተ ሙከራ ወጪ የሚሸፍን አነስተኛ የመስክ ፈንድ ይቋቋም። ከውጭ ለሚመጣ እያንዳንዱ የመስክ ተማሪም አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ አጣማሪ ይኑረው፤ በአበል ሳይሆን በስም፣ በመረጃ ባለቤትነትና በጽሑፍ ድርሻ። ፎጋርቲ ከሃያ ዓመት በፊት ሞክሮ ያሳየው ነገር ነው፤ እኛ ደንብ ማድረግ አያቅተንም።

ቀጣዩ እንዶድ የት እንዳለ አናውቅም። አንዲት እናት እጅ ላይ፣ አንድ ወንዝ ዳር ይሆናል። እዚያ ለመድረስ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ የአንድ ተማሪ የመንገድ ብር ነው።