ስለ ሉርድ ከተማና ስለ ቆሞሷ

በቍምስናችን የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ስለ ሉርድ መጻፋችን ተአምራቱን ለመቍጠር አይደለም፤ እርሱን ሌሎች በሰፊው ጽፈውታል። እኛ የምንተርከው በዚያች ከተማ ቆሞስ ስለ ነበሩት ስለ አባ ዶሚኒክ ፔይራማል ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ሉርድ በፈረንሳይ አገር፥ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ፥ በጋቭ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። በ1858 ነዋሪዎቿ 4 ሺሕ ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 11 ቀን ቤርናዴታ ሱቢሩ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ እንጨት ልትለቅም ወጥታ፥ በማሳቢዬል ዋሻ ነጭ የለበሰች እመቤት ታየችኝ አለች። አባቷ ወፍጮውን ያጣ ድኻ ነበርና ቤተ ሰቡ የሚኖሩት ቀድሞ ወኅኒ በነበረ አንድ ክፍል ነበር። እስከ ጁላይ 16 ቀን ድረስ እመቤቲቱ 18 ጊዜ እንደ ታየቻት ተናገረች።

ልጅቱ «በዚያ ጸሎት ቤት ይሠራ፥ ሕዝቡም በሰልፍ ይምጣ» የሚል መልእክት ይዛ በመጣች ጊዜ፥ አባ ፔይራማል «ስሟን ትንገርሽ፤ በዋሻው ያለው ጽጌረዳም በዚህ ብርድ ያብብ» ብለው መለሷት። ጽጌረዳው አላበበም። ማርች 25 ቀን ግን ልጅቱ ቃሉን እንዳትረሳው በመንገድ እየደጋገመች መጥታ፥ «እኔ ንጽሕት ፅንሰት ነኝ አለችኝ» አለቻቸው። ጳጳስ ፒዮስ 9ኛ ይህን ትምህርት ያወጁት ገና በ1854 ነበር፤ ቍርባን እንኳ ያልተቀበለች ልጅ ከወዴት አገኘችው? ቆሞሱ ከዚያ ወዲያ ጠበቃዋ ሆኑ። እንደ እኛ አስተያየት አስቀድሞ እንቢ ማለታቸው ሉርድን ጠቀማት፤ ቶሎ ተቀብለው ቢሆን ኖሮ ቄሱ አስተማሯት በተባለ ነበር።

በጁን ሹማምንቱ ዋሻውን በሳንቃ አጠሩት፤ በኦክቶበር በንጉሠ ነገሥቱ በናፖሌዎን 3ኛ ፈቃድ ተከፈተ። የታርብ ጳጳስ አቡነ ሎራንስም ነገሩን አስመርምረው ጃንዋሪ 18 ቀን 1862 አጸደቁት።

በ1866 ሦስት ነገሮች ሆኑ። ምድር ባቡር ሉርድ ገባ፤ ቤርናዴታ በኔቬር ከተማ ወዳለው የደናግል ገዳም ሄደች፤ የዋሻው አገልግሎትም ከጋሬዞን ለመጡ ሚሲዮናውያን ካህናት ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ነጋድያን በዝተው መጡ፤ ከዋሻውም በላይ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በ1871 ተከፈተ። የከተማው ሰው ግን ልጁን የሚያስጠምቀውና ሙታኑን የሚያስፈታው በዚያው በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ስለዚህ አባ ፔይራማል በ1875 ለቍምስናው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀመሩ። በ1877 ገንዘብ አለቀና ሥራው ቆመ፤ እርሳቸውም ሴፕቴምበር 8 ቀን በዚያው ዓመት ዐረፉ። ሊፈጸም የቻለው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ሁሉ ንግደት በመጀመሪያ የመረመሩት ካህን የራሳቸውን ደብር ጣሪያ ሳያዩ መሞታቸው ያሳዝናል።

ቤርናዴታ በ1879 በኔቬር ዐረፈች፤ በ1933 ቅድስት ተባለች። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሷል፤ እርሷ በጃንዋሪ 1844 የተጠመቀችበት የጥምቀት ገንዳ ግን ዛሬ የሚገኘው አባ ፔይራማል ባስጀመሩት በቅዱስ ልብ ቤተ ክርስቲያን ነው። የእርሳቸውም መቃብር ከዚያው ወለል በታች ነው።