እየሠሩ መቸገር፦ አሽቀሎን ላይ የተሞከሩ ሁለት ሕጎች

እናቴ ማታ ማታ ቢሮ እያጸዳች ነው ያሳደገችን። «እጅና እግር እያለን የመንግሥት ገንዘብ አንጠይቅም» ትል ነበር። በዕብራይስጥ የሚመጣውን ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነበርኩ። ዛሬ የማስተርስ ተማሪ ሆኜ የድጎማ ሕጎችን ታሪክ ሳጠና፣ የገዛ ከተማዬን አገኘኋት።

በ1980 የወጣው የሀቭታሃት ሀክናሳ ሕግ ሥራ ለሌለው ሰው ብቻ አይደለም፤ እየሠራ ደመወዙ ለማያደርሰውም ማሟያ ይሰጣል። በ2003 መንግሥት ክፍያውን ቀነሰ። ያን ጊዜ በግማሽ ቀን የወጥ ቤት ሥራ ልጆቿን የምታሳድገው ቪኪ ክናፎ ከሚጽፔ ራሞን እስከ ኢየሩሳሌም በእግሯ ሄዳ ተቃወመች። ሥራ ፈት አልነበረችም እኮ።

በኦገስት 2005 ከአሜሪካ የተወሰደው «የዊስኮንሲን ፕላን» በኢየሩሳሌም፣ በናዝሬት፣ በሐዴራ፣ እንዲሁም በአሽቀሎንና በስዴሮት በሙከራ ተጀመረ። ድጎማ ተቀባዮች በሳምንት ከ30 እስከ 40 ሰዓት እንዲገኙ ይጠበቅባቸው ነበር፤ «አልተባበረም» የተባለ ሰው ድጎማው ይቋረጥበታል። ማዕከሎቹን የያዙት የግል ኩባንያዎች ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ የድጎማ ወጪ በቀነሰ መጠን እነሱ ያተርፉ ነበር። ተቃውሞ ስለበዛ በ2007 ፕላኑ ተሻሻለ፤ በ2010 የክኔሴት ኮሚቴ ሳያራዝመው ቀረና ተዘጋ።

ሁለተኛውን ሙከራ ግን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። በ2007 በወጣ ሕግ፣ ከ2008 ጀምሮ በእነዚሁ አካባቢዎች «ማዓናክ አቮዳ» ተጀመረ። ይህን የሚከፍለው ቢቱዋህ ሌኡሚ ሳይሆን የግብር ባለሥልጣኑ ነው፤ የሚከፈለውም ደመወዙ አነስተኛ ለሆነ ሠራተኛ ነው። ልጅ የሚያሳድግ ከ23 ዓመት ጀምሮ፣ ልጅ ባይኖረውም ከ55 ዓመት ጀምሮ መጠየቅ ይችላል። በኋላ አገሪቱን በሙሉ አዳረሰ።

የሁለቱ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፦ የመጀመሪያው ባትፈልገውም ይጠራሃል፤ ሁለተኛው ካልጠየቅከው አይመጣም።

እናቴን «ማዓናክ አቮዳ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«እሱ ለማይሠሩት አይደል?» አለችኝ።

እማዬ፣ እሱ እኮ ለሚሠሩት ብቻ ነው! እንደኔ ግምት ለዓመታት ይገባት ነበር፤ ያለፈውን ግን አሁን መጠየቅ አይቻልም፣ ጊዜ ገደብ አለው። ምጽዋት እየመሰላት የላቧን ዋጋ ተወችው። እናንተም ዛሬ ማታ የወላጆቻችሁን ታሉሽ አብራችሁ እዩት።