ከእስኩቴስ ፈረሰኞች እስከ ሲልደናፊል፦ የስንፈተ ወሲብ መንስኤዎችና የመድኃኒቶቹ ደኅንነት በታሪክ ዓይን

የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ዕለት በኮሪደሩ ሳልፍ ሳቅ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም ያ ሳቅ የንግግሬ አካል ነው። ለወንድ ብልት አለመቆም ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ የተሰጡት ማብራሪያዎች አብዛኞቹ ተራ በተራ ወድቀዋል። አብሯቸው የመጣው ሐፍረት ግን አልወደቀም። ዛሬ ለዚህ ችግር የሚሰጡት መድኃኒቶች የሚያስከትሉት የከፋ ጉዳትም፣ ከመድኃኒቶቹ ባሕርይ ይልቅ ከዚህ ሐፍረት ከሚወለደው ዝምታ ይመነጫል ብዬ እከራከራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከስሙ ልጀምር። በአማርኛ ችግሩን «ስንፈተ ወሲብ» እንለዋለን። «ስንፈት» «ሰነፈ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ሰነፍ ስንልም ብዙውን ጊዜ መሥራት እየቻለ የማይሠራውን ሰው ማለታችን ነው። ሕመምተኛው ገና ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ቋንቋው ፈርዶበታል ማለት ነው። ስለ ስኳር በሽተኛ «ቆሽቱ ሰነፈ» አንልም። ይህ የእኛ ብቻ ጥፋት አይደለም፤ አውሮፓውያን ለዘመናት የተገለገሉበት «ኢምፖተንስ» የተባለው ከላቲን የተወረሰ ቃልም ትርጉሙ «ኃይል አልባነት» ነው። የተሻለ ቃል እስኪለመድ ድረስ እኔም በዚሁ በተለመደው ስም እጠቀማለሁ።

በሂፖክራተስ ስም ከሚታወቁት ጥንታውያን የግሪክ ድርሳናት አንዱ «ስለ አየር፣ ስለ ውሃና ስለ ሥፍራ» የተሰኘው ነው። ድርሳኑ ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ይኖሩ ስለነበሩት እስኩቴሳውያን ሲያወሳ፣ ከወንዶቻቸው ብዙዎቹ ከሴት ጋር መገናኘት ይሳናቸው እንደነበር ይናገራል። የአገሩ ሰዎች ይህን የአምላክ ሥራ ነው ይሉ ነበር። ጸሐፊው ግን አይቀበለውም። አንዱ በሽታ ከሌላው የበለጠ አምላካዊ ወይም የበለጠ ሰብአዊ አይደለም፤ እያንዳንዱ የየራሱ ተፈጥሯዊ ምክንያት አለው ይላል። የሚያቀርበው ሙግት ለታሪክ ተማሪ ሁሉ ትምህርት ይሆናል፦ ችግሩ በብዛት የሚታየው ፈረስ ባላቸው ባለጠጎች ላይ ነው፤ የአምላክ ቅጣት ቢሆን ኖሮ መሥዋዕት ማቅረብ የማይችሉትን ድሆች ይበልጥ ባጠቃ ነበር። ስለዚህ መንስኤው ፋታ የሌለው ግልቢያ ነው ብሎ ይደመድማል።

በዚህም አያበቃም። እስኩቴሳውያኑ ግልቢያ የሚያመጣባቸውን ሕመም ለማከም ከጆሮ ጀርባ ያለውን የደም ሥር ይቆርጡ ነበር፤ ሰዎቹን ይበልጥ የጎዳቸው ይህ ሕክምና ራሱ ነው የሚል ጥርጣሬውንም ያክላል። ስለ ጆሮው ደም ሥር ተሳስቷል፤ ስለ ግልቢያው ምን ያህል ልክ እንደነበር ለሐኪሞች ልተወው። ነገር ግን ስለ ስንፈተ ወሲብ ከተጻፉት ጥንታውያን ጽሑፎች በአንዱ፣ መድኃኒቱ ከበሽታው ሊብስ ይችላል የሚለው ሐሳብ ቀድሞውኑ ተቀምጧል።

በመካከለኛው ዘመን ምዕራብ አውሮፓ ምክንያቱ ተመልሶ ከተፈጥሮ ውጭ ወጣ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ሃይንሪክ ክራመር የጻፈው «የጠንቋዮች መዶሻ»፣ የወንድን ኃይል መስለብ ጠንቋዮች በዲያብሎስ አጋዥነት ከሚፈጽሟቸው ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል። ባል ለመጣው ችግር ሴት ትከሰሳለች ማለት ነው። ከድግምቱ ጎን ለጎን ደግሞ ሕጉ ነበር። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ፍቺን ባይፈቅድም፣ ባል ከጋብቻው በፊት ጀምሮ ግንኙነት መፈጸም የማይችል መሆኑ ከተረጋገጠ ጋብቻው እንዳልነበረ ይቆጠር ነበር። እንዴት ይረጋገጥ? ፈረንሳውያን «ኮንግሬ» የተባለ ሥርዓት አበጁ፦ ባልና ሚስት አልጋ ላይ ይወጣሉ፣ መጋረጃው ይጋረዳል፣ ሐኪሞችና አዋላጆች እዚያው ይጠብቃሉ፣ ከዚያም መርምረው ለፍርድ ቤት ቃላቸውን ይሰጣሉ።

ከእነዚህ ክሶች ሁሉ የታወቀው የማርኪ ደ ላንዤ ጉዳይ ነው። ማርኪው በራሱ የተማመነ ሰው ስለነበር ፈተናውን ራሱ ጠየቀ፤ ወደቀም። በ1659 ጋብቻው ፈረሰ፣ ዳግመኛ እንዳያገባም ተከለከለ። እርሱ ግን ሌላ ሚስት አገባና ሰባት ልጆች ወለደ። የሰባቱ ልጆች መወለድ ለዳኞቹ የማይመለስ ጥያቄ ሆነባቸው፤ የፓሪስ ፓርላማ የተባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ1677 ኮንግሬን አገደ። ፍርድ ቤቱ የለካው የላንዤን አካል ሳይሆን በመጋረጃው ወዲያ ሰዎች እየጠበቁት የተኛን ሰው ፍርሃት ነበር። ፍርሃትና ጭንቀት ብቻቸውን ችግሩን ሊያመጡ እንደሚችሉ የዛሬ ሐኪሞችም ያውቃሉ፤ ወጣቶች ላይ ከሚታዩት መንስኤዎች አንዱ ይኸው ነው።

ቀጣዮቹን ክፍለ ዘመናት ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በስቅላት የተገደሉ ሰዎችን አስከሬን ተመልክቶ ብልትን የሚያቆመው እንደሚታመነው አየር ሳይሆን ደም መሆኑን በማስታወሻው አስፍሮ ነበር፤ ማስታወሻው ግን ለረጅም ጊዜ ሳይታተም ቆየ። በ1889 የ72 ዓመቱ ዕውቅ ሐኪም ብራውን ሴካር ከውሻና ከጊኒ ፒግ የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወግቶ ጉልበቴ ታደሰ ሲል በፓሪስ ለባልደረቦቹ አበሰረ። ከ1920 ጀምሮ ደግሞ ሰርጌ ቮሮኖፍ የጦጣ የዘር ፍሬ ቁራጭ በባለጸጋ ሽማግሌዎች ላይ ይሰፋ ያዘ። ሁለቱም ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ምን ያህል እንደሚከፍል ከማሳየት በቀር የጨመሩት የለም። ቴስቶስትሮን በ1935 በላቦራቶሪ ሲሠራ ግን ጉዳዩ እውነተኛ ሳይንስ ሆነ፤ ሆኖም የሆርሞን እጥረት የጥቂቶች ችግር እንጂ የብዙኃኑ አልነበረም። ለብዙኃኑ ማብራሪያ ያቀረበው የሥነ ልቦናው ጎራ ነው። ፍሮይድ በ1912 በዚሁ ጉዳይ ጽፎ ነበር፤ እስከ 1970ዎቹም ድረስ አብዛኛው ሕመም ከአእምሮ እንደሚመነጭ በሰፊው ይታመን ነበር። ኃጢአት የነበረው ድግምት ሆነ፣ ድግምት የነበረው የልጅነት ቁስል ሆነ፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ በሰውየው ወይም በአጠገቡ ባለች ሴት ላይ እንደተለጠፈ ቀረ።

አቅጣጫውን የለወጠው የደም ሥር ነው። ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሬኔ ለሪሽ፣ ዋናው የደም ቧንቧ ወደ ሁለቱ እግሮች በሚከፈልበት ቦታ ሲዘጋ የእግር ሕመምና ስንፈተ ወሲብ አብረው እንደሚመጡ በ1940 ባሳተመው ጽሑፍ አሳየ። በ1982 ሮናልድ ቪራግ ፓፓቨሪን የተባለው የደም ሥር አላሊ መድኃኒት ብልት ውስጥ ሲወጋ እንደሚያቆመው ዘገበ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ እንግሊዛዊው ጋይልስ ብሪንድሊ በላስ ቬጋስ በተካሄደ የአሜሪካ የሽንት ቧንቧ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ፣ ንግግሩን ከመጀመሩ በፊት ራሱን በመርፌ ወግቶ መጥቶ ኖሮ፣ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ውጤቱን ለታዳሚው አሳየ። እኔ ዛሬ ይህን የማስረጃ ዘዴ አልከተልም። ነገር ግን ማስረጃው የማያሻማ ነበር፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስሜት ቀስቃሽ ነገር አልነበረምና፣ ያ የደም ሥርና የጡንቻ ሥራ ብቻ ነበር። በ1992 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤ «ኢምፖተንስ» የሚለው ስም ቀርቶ የብልት መቆም ችግር በሚል ገለልተኛ ስያሜ እንዲተካ ሐሳብ አቀረበ።

አሁን ወደ ሌላ ታሪክ ልውሰዳችሁ፤ ከጉዳያችን የራቀ ቢመስልም መጨረሻቸው አንድ ነው። በ1847 አስካኒዮ ሶብሬሮ በቱሪን ናይትሮግሊሰሪንን ፈጠረ። አልፍሬድ ኖቤል ከዚህ ፈንጂ ፈሳሽ ዲናሚትን ሠርቶ በለጸገ። በ1879 ለንደን ውስጥ ዊልያም ሙሬል ይኸው ፈሳሽ በጥቂቱ ሲወሰድ የልብ ደም ሥር መጥበብ የሚያመጣውን የደረት ሕመም እንደሚያስታግስ አስታወቀ። ኖቤል ራሱ በ1896፣ በሞተበት ዓመት፣ ለልቡ ሕመም ናይትሮግሊሰሪን ታዘዘለት፤ የዕጣውን ምፀት ለወዳጁ በደብዳቤ ጽፏል። መድኃኒቱ ለምን እንደሚሠራ ግን ለመቶ ዓመት ያህል አልታወቀም። ምስጢሩ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ሆኖ ተገኘ። ይህን ለገለጡት ለፈርችጎት፣ ለኢግናሮና ለሙራድ በ1998 የተሰጠው ሽልማት በኖቤል ስም የሚጠራው ነው።

በዚያው ዓመት መጋቢት 27 ቀን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሲልደናፊልን፣ በንግድ ስሙ ቪያግራን፣ ፈቀደ። ፋይዘር የተባለው ኩባንያ መድኃኒቱን እንግሊዝ አገር በሚገኘው የምርምር ማዕከሉ ሲሠራ ያሰበው ለዚያው ለደረት ሕመም ነበር፤ ለልብ ያስገኘው ጥቅም ደካማ ሆኖ ሳለ፣ ሙከራውን የተሳተፉት ፈቃደኞች ያልተጠበቀውን ሌላ ውጤት ተናገሩ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ስሜት ሲቀሰቀስ በብልት ውስጥ የነርቭ ጫፎችና የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃሉ፤ እርሱም ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለውን ንጥረ ነገር ያበዛል፤ ይህ ጡንቻውን ያላላዋል፣ ደሙም ይገባል። ፒዲኢ5 የተባለ ኢንዛይም ንጥረ ነገሩን ያፈርሰዋል። ሲልደናፊል የሚያግደው ይህን አፍራሽ ነው። ናይትሮግሊሰሪን ቧንቧውን ይከፍታል፣ ሲልደናፊል መውረጃውን ይደፍናል፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ሰውነት ከተገናኙ የደም ሥሮች ከመጠን በላይ ይሰፉና የደም ግፊቱ ሊገታ በማይችል ፍጥነት ይወርዳል። የመድኃኒቱ ፈውስና የመድኃኒቱ አደጋ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ።

መድኃኒቱ በተፈቀደበት ዓመት እስከ ኅዳር አጋማሽ ድረስ፣ የአሜሪካው አስተዳደር መድኃኒቱ የታዘዘላቸውን 130 ሰዎች ሞት መዝግቦ አረጋግጧል። ቁጥሩ ብቻውን መንስኤ አያሳይም፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማዘዣዎች ተጽፈው ነበር፣ ከተጠቃሚዎቹም ብዙዎቹ ልባቸው ቀድሞ የታመመ ነበር። ከ130ዎቹ 16ቱ ግን ናይትሮግሊሰሪን ወይም ሌላ ናይትሬት የወሰዱ ወይም የተሰጣቸው ሆነው ተገኙ። «የተሰጣቸው» የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። በ2003 ቫርደናፊልና ታዳላፊል ሲጨመሩ ክልከላው ለእነርሱም ተሠራ፤ ሲልደናፊል በተወሰደ በ24 ሰዓት፣ ረጅም ጊዜ በሚቆየው ታዳላፊል ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ናይትሬት አይሰጥም። ለፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ ከሚሰጡት አልፋ ብሎከሮች ጋርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ራስ ምታት፣ የፊት መቅላት፣ ጊዜያዊ ሰማያዊ ዕይታ የተለመዱ ናቸው፤ ድንገት የዓይን ብርሃን ወይም የመስማት መጥፋት፣ እንዲሁም ከአራት ሰዓት በላይ የሚቆይ መቆም ብርቅ ቢሆኑም ወዲያውኑ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ናቸው። ከዚህ ውጭ፣ ተመርምሮ በታዘዘላቸው ወንዶች ዘንድ የእነዚህ መድኃኒቶች የደኅንነት መዝገብ ጥሩ ነው፤ ይህን ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ።

ዋናው ቃል «ተመርምሮ» የሚለው ነው። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይቀጥናሉ። ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ትንባሆና ስብ የደም ሥሮችን ሲያጠቡ ቀድሞ የሚታወቀው በቀጭኖቹ ነው፤ ልብ ከመታመሙ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ። ስለዚህ ስንፈተ ወሲብ ለብዙ ሰው በሽታ ብቻ ሳይሆን የበሽታ መልእክተኛ ነው። ለሌላው ደግሞ መንስኤው የሚወስደው የድብርት ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ የእስኩቴሱን ደም ሥር ቆራጭ ያስታውሷል። ተረታችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል። በዘመናችን ግን የደበቀውም መድኃኒት ያገኛል፤ እንክብሉ መልእክተኛውን ዝም ያሰኘዋል፣ መልእክቱ ሳይነበብ ይቀራል።

በስውር የሚገዛ መድኃኒት ምን እንደሆነ ገዢው አያውቅም። በ2008 ሲንጋፖር ውስጥ የስኳር በሽታ የሌለባቸው ወደ 150 የሚጠጉ ሰዎች የደማቸው ስኳር አለመጠን ወርዶ ሆስፒታል ገቡ፤ አራቱ ሞቱ። ከሕመምተኞቹ ብዙዎቹ ሕገ ወጥ የወሲብ ማነቃቂያ መውሰዳቸውን ተናገሩ። እንክብሎቹ ሲመረመሩ ግሊቤንክላማይድ የተባለው የስኳር መድኃኒት በብዛት ተገኘባቸው። «ተፈጥሯዊ ቅጠል» ተብለው በሚሸጡ ማነቃቂያዎች ውስጥ ያልተገለጸ ሲልደናፊል ተደጋግሞ ተገኝቷል፤ ናይትሬት የሚወስደው የልብ ሕመምተኛ ከፋርማሲው እንክብል ሸሽቶ ወደ ቅጠሉ ሲሄድ የሸሸውን ያገኘዋል። በከተሞቻችን እነዚህን እንክብሎች ያለ ማዘዣ መግዛት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ለዚህ ታዳሚ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደዚያ ቃል ልመለስ። አንድ ጎልማሳ ከሌሊቱ በአንዱ ሰዓት ደረቱን ይዞ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይገባል። ተረኛው ሐኪም ናይትሮግሊሰሪኑን በእጁ ይዞ፣ መስጠት ከመቻሉ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ «በእነዚህ ሁለት ቀናት ውስጥ ለወሲብ የሚሆን እንክብል ወስደዋል?» ነርሷ ቆማለች፣ ከመጋረጃው ወዲያ ባለቤቱና የመጀመሪያ ልጁ ይጠብቃሉ። ሰውየው ወደ መጋረጃው ያያል፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ «አልወሰድኩም» ይላል።