ከዋሻ ካርታ የተወለደ ጨዋታ

ሥዕል የለውም፣ ድምፅም የለውም። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የት እንደቆማችሁ ይነግራችኋል፣ እናንተ ደግሞ ምን እንደምታደርጉ ትጽፉለታላችሁ። የጽሑፍ ጀብዱ ጨዋታ የሚባለው ይሄ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ደግሞ ከዋሻ ነው።

አሜሪካዊው ፕሮግራመር ዊል ክራውዘር የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው አርፓኔት ላይ ይሠራ ነበር። ዕረፍቱን ግን ኬንታኪ ውስጥ ዋሻ ለዋሻ ሲዞር ያሳልፋል። ከባለቤቱ ከፓትሪሺያ ጋር ዋሻ እየለኩ፣ ልኬቱን ኮምፒውተር ውስጥ እያስገቡ ካርታ ያወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ፓትሪሺያ ያለችበት ቡድን የፍሊንት ሪጅና የማሞዝ ዋሻዎች ከውስጥ እንደሚገናኙ አረጋገጠ። በኋላ ትዳራቸው ፈረሰ። ክራውዘር ዋሻውም ልጆቹም ናፈቁት፤ ለሁለት ሴት ልጆቹ መጫወቻ እንዲሆን በ1975 እና በ1976 ገደማ «አድቬንቸር»ን በፎርትራን ጻፈ። ብዙዎቹ የጨዋታው ክፍሎች በገዛ እግሩ የሄደባቸው ናቸው። በ1977 የስታንፎርዱ ዶን ዉድስ አስፋፋው።

አሁን ወደ ባሌ እንምጣ። በዚያው በ1972 አንድ የእንግሊዝ አሳሾች ቡድን ከሮቤ በስተምሥራቅ የሚገኘውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ለካ፤ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባሌ ተራሮች የሚወርደው የወይብ ወንዝ በውስጡ ያልፋል፣ የኖራ ድንጋይ ዓምዶቹም ቤተ መንግሥት ይመስላሉ። ለሮቤና ለጎባ ልጆች እንግዲህ ካርታው ደጃቸው ላይ አለ ማለት ነው። ታዲያ ጨዋታውን በአማርኛ ብንሠራውስ?

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ነው። «አድቬንቸር» የሚረዳው አንድ ወይም ሁለት ቃል ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ቃል የሚያየውም የመጀመሪያዎቹን አምስት ፊደላት ብቻ ነው። ለእንግሊዝኛ ይበቃል። በአማርኛ ግን ዋሻ «ከዋሻው» ሲሆን የመጀመሪያ ፊደሉ ይቀየራል። ተጫዋች «ግባ»፣ «ልግባ»፣ «እገባለሁ» ሊል ይችላል። «ግቢ» ብላ ከጻፈችማ ኮምፒውተሩ የቤት ግቢ ሊመስለው ይችላል!

ከዚህ የባሰው ተራኪው ራሱ ነው። እንግሊዝኛ ተጫዋቹን ሲያናግር ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። በአማርኛ ግን «ቆመሃል» ወይስ «ቆመሻል»? የክራውዘር ልጆች አማርኛ ቢናገሩ ኖሮ አባታቸው ገና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ መምረጥ ነበረበት። እኔ እዚህ «እናንተ» ብዬ አመልጣለሁ፤ ጨለማ ዋሻ ውስጥ ግን «ቆማችኋል» ከተባለ ፍርሃቱ ይጠፋል፣ አጠገቤ ማን አለ ያሰኛላ። በግሌ ጨዋታው መጀመሪያ ላይ «አንተ ልበል አንቺ?» ብሎ ቢጠይቅ እመርጣለሁ። የባሌው አፋን ኦሮሞ እዚህ ላይ ይቀለዋል፤ «አቲ» ለወንድም ለሴትም ያው ነው።

መፍትሔውን ለማግኘት ኮድ መጻፍ የግድ አይደለም። አሥር ክፍል ያለው ካርታ ወረቀት ላይ ሣሉ። ከመካከላችሁ አንዱ ኮምፒውተር ይሁን፦ ካርታውን ይደብቅ፣ የሚያውቃቸውን ሃያ ቃላት ብቻ ይዞ ይቀመጥ፣ ከዚያ ውጪ የመጣውን ሁሉ «አልገባኝም» ይበል። ሌላው «ባትሪውን አብራ» እያለ ይጫወት። ሦስተኛው ሰው ደግሞ «አልገባኝም» የተባለውን እያንዳንዱን ትእዛዝ ይመዝግብ። በማግስቱ ቃላቱን ጨምሩና ጨዋታውን አይቶ ለማያውቅ ሰው ስጡት።